ልብን ስለ መሰብሰብ፦ ልዩ እንክብካቤ የሚሹ ልጆች ላሏቸው ወላጆች



ወንጌላዊው ማርቆስ በምዕራፍ 9 የሚተርክልንን አባት ሁላችንም እናውቀዋለን። የታመመ ልጁን ይዞ ወደ ደቀ መዛሙርቱ መጣ፤ እነርሱ ሊረዱት አልቻሉም፤ ሕዝቡ ከቦ ይመለከታል፤ ጻፎች ቆመው ይከራከራሉ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ጌታችን ክርክሩን ትቶ ወደ አባትየው ዘወር አለና ይህ ነገር ልጁን ከጀመረው ምን ያህል ጊዜ እንደ ሆነው ጠየቀው። አባትየውም ከሕፃንነቱ ጀምሮ መሆኑን፣ ልጁ በእሳትና በውኃ ስንት ጊዜ ለጥፋት እንደ ተቃረበ ነገረው። ከዚያም ልመናውን ሲያቀርብ ርኅራኄን የጠየቀው ለልጁ ብቻ አልነበረም። «እኛን» ብሎ ራሱንም ጨመረ። ይህችን አንዲት ቃል ብዙ ጊዜ አንብበናት ብዙ ጊዜ አልፈናታል።

ይህን ወንጌል ያነሣነው፣ ኦቲዝም ያለባቸው ወይም ትኩረታቸውን ሰብስበው ለመቀመጥ የሚቸገሩ ልጆች ርኩስ መንፈስ አለባቸው ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለው አተረጓጐም ብዙ ቤተሰቦችን አቍስሏልና አጥብቀን እንቃወመዋለን። ያነሣነው ስለ አባትየው ነው። ስለ ልጆቹ በየቁምስናው ጥቂት መናገር ጀምረናል፤ ልጆቹን ሌሊትና ቀን ስለሚጠብቁት ወላጆች ግን እስካሁን ዝም ብለናል።

በዚህ ጉዳይ እኛ ራሳችንም በደል አለብን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ እሑድ ቅዳሴ፣ በስብከታችን መካከል፣ ዕድሜው ሰባት የሚሆን ልጅ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ይጮኽ ጀመር። እናቱ ልታባብለው ሞከረች፤ አልሆነላትም። እኛም ስብከታችን እንዳይቋረጥ ብለን በእጃችን ወደ በሩ አመለከትናት። ልጇን አቅፋ ወጣች። ከዚያ በኋላ ለወራት አላየናትም። ያለመምጣቷን ያስተዋልነው ደግሞ እኛ ሳንሆን ነጠላዋን አጥባ ልትመልስላት የፈለገች ጎረቤቷ ነበረች። ወደ ቤቷ በሄድን ጊዜ እናቲቱ ቡና አቀረበችልንና እንዲህ አለችን፦ «አባ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም፤ ልጄ በእርግጥ ጮኾ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እግሬ ወደዚያ በር መሄድ እምቢ አለኝ።»

አልተሳሳቱም ማለቷ ከወቀሳ ይልቅ ከበደን።

እንግዲህ አስቀድመን ማወቅ የሚገባንን ባጭሩ እንናገር። ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ፣ የአእምሮ እድገት የሚለይበት ሁኔታ ነው፤ ከሰው ጋር በመግባባት፣ በንግግር፣ ድምፅንና ብርሃንን ንክኪንም በመቀበል ረገድ ይገለጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። የወላጅ ኃጢአት፣ የእናት ፍቅር ማጣት ወይም ክትባት አያመጣውም። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ ኃጢአቱን በሰውየውም ሆነ በወላጆቹ ላይ ለመጫን እንዳልፈቀደ ዮሐንስ በምዕራፍ 9 መስክሯል። እናቶችን የበደለው ደግሞ ያልተማረው ሰው ብቻ እንዳይመስለን። ባለፈው ምእት ዓመት አጋማሽ ታላላቅ የሚባሉ ሐኪሞችና ምሁራን ሁኔታውን ከእናት ልብ መቀዝቀዝ ጋር አያይዘውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ያንን አስተሳሰብ በመጽሐፍ ከሞገቱት አንዱ በርናርድ ሪምላንድ የተባለ የሥነ ልቡና ምሁር ሲሆን፣ እርሱ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች የእድገት እክል ያለባቸውን ልጆች የሚንከባከቡ 102 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ከመቶው 45 ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ፤ ሩብ ያህሉ የልጁን ሁኔታ ለመደበቅ ይጥራሉ። አብዛኞቹ ደግሞ በጭንቀታቸው ጊዜ ወደ ጸሎት ይሸሻሉ። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የሚታየን ነገር አለ፤ ሰዎቹ ወደ እኛ ይመጣሉ፣ ነገር ግን እያፈሩ ይመጣሉ። በራችን ላይ ደርሰው የሚያገኙት ወደ ውጭ የሚያመለክት እጅ ከሆነ ወዴት ይሂዱ?

ወደዚያች እናት እንመለስ። ቡናው ሁለተኛ ሲቀዳ ልጁ ከጓዳ ወጥቶ ስኒዎቹን በመስመር ይደረድር ጀመር፤ አንዱ ስኒ ወድቆ ተሰበረ፤ ልጁም በድምፁ ደንግጦ ራሱን በጡጫ ይመታ ጀመር። እናቲቱ ወዲያው አልጮኸችም፤ አልሮጠችምም። ስብርባሪውን በእግሯ ወደ ዳር ገፋች፤ ሁለት እግሮቿን መሬት ላይ አጽንታ ቆመች፤ ትከሻዋ ዝቅ ሲልና ትንፋሿ በዝግታ ሲወጣ አየን። ሦስት ጊዜ ያህል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ብቻ አጠገቡ ተቀምጣ በዝቅተኛ ድምፅ «ድምፁ አስደነገጠህ» አለችው፤ ትራስም ከእጁና ከራሱ መካከል አኖረች። እስኪረጋ ድረስ ጊዜ ወስዶበታል፤ እርሷ ግን ከእርሱ ጋር አልተናወጠችም። ይህን የት እንደ ተማረች ብንጠይቃት፣ ለወላጆች በተሰጠ ሥልጠና ላይ መሆኑን ነገረችን። «ትንፋሹን እነርሱ አስተማሩኝ፤ ቃሉን ግን እኔ ጨመርሁበት» አለችን። ስትስብ «እግዚኦ»፣ ስታወጣ «መሐረነ» ትላለች።

የዓለም የጤና ድርጅት ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች የክህሎት ሥልጠና በአገራችንም ተሞክሯል። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች ሲኖሩት፣ ከልጁ ጋር በጨዋታና በዕለት ሥራ መካከል መግባባትን ያስተምራል፤ ስለ ተንከባካቢው የራሱ ደኅንነትም ትምህርት አለው። ትንፋሽንና የአሁኗን ሰዓት ልብ ብሎ መከታተል በውጭው ዓለም «ማይንድፉልነስ» በሚል ስም ተስፋፍቷል። እኛ «ልብን መሰብሰብ» ብንለው የሚያስኬድ ይመስለናል።

ይህን በአንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስብሰባ ላይ በተናገርን ጊዜ አንድ አረጋዊ መምህር ተነሥተው «አባታችን፣ ይህ ነገር ከሌላ ሃይማኖት የመጣ አይደለምን?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልንሸፋፍነውም አንሻም። ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ጭንቀትን ለማስታገስ ትምህርት ሲጀምር፣ መነሻው የቡድሂስቶች የተመስጦ ልማድ ነበር። ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም በጉዳዩ ላይ ዝም አላለችም። በኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ የሆኑት ካርዲናል ራትሲንገር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1989 ስለ ክርስቲያናዊ ተመስጦ ለጳጳሳት በወጣው መልእክት ላይ ፈርመዋል። መልእክቱ ከሌላ የመጣውን ሁሉ ከነጭራሹ አይጥልም፤ ጠቃሚውን መውሰድ እንደሚቻል፣ ሆኖም ጸሎት ሰው ከእግዚአብሔር ጋር የሚያደርገው አካላዊ መገናኘት መሆኑ እንዳይደበዝዝ ያሳስባል። የሰውነት ዕረፍት የሚሰጠውን ደስ የሚል ስሜት የመንፈስ ቅዱስ መጽናናት ነው ብሎ መሳትንም ያስጠነቅቃል። በዚያው መልእክት ውስጥ ግን የምሥራቅ አባቶች የኢየሱስን ስም ከትንፋሻቸው ጋር አዋሕደው ይጸልዩ እንደ ነበር ተወስቷል።

ስለዚህ ለአረጋዊው መምህር የመለስነው ይህን ነው። ትንፋሽ በራሱ ጸሎት አይደለም፤ የሰው ሁሉ ነው፤ አዳም ከፈጣሪው የተቀበለው ነው። እናቲቱ ትንፋሿን አረጋግታ ልቧ የሚሰማበት ደረጃ ሲደርስ የምትጠራው ስም ግን የጌታ ስም ነው። ጠንካራ ንፋስ ባለበት ቦታ ጧፍ የሚያበራ ሰው አስቀድሞ በእጁ ይከልላል፤ እጁ ብርሃኑ አይደለም፤ ሆኖም ያለ እጁ ጧፉ አይበራም።

ደግሞስ እኛ የግዕዝ ሥርዓተ ቅዳሴ ልጆች ይህን ከሩቅ መፈለጋችን ይገርማል! በቅዳሴያችን ዲያቆኑ የተቀመጡትን ካስነሣ፣ ወደ ምሥራቅም ካስመለከተ በኋላ «ንነጽር» ይላል። «እንመልከት፣ ልብ እንበል» ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ነው «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» የሚባለው። ከምስጋናው በፊት ማስተዋል ይቀድማል። ብዙዎቻችን በዚያች ሰዓት ስለ ምሳ ወይም ስለ ታክሲ እናስባለን፤ ዲያቆኑም ሳይሰለች በየሳምንቱ ይጠራናል።

የደከመ ወላጅ ልብ የት ነው የሚገኘው? ወይ ባለፈው ላይ ነው፤ «በእርግዝናዬ ጊዜ ምን አድርጌ ይሆን» ትላለች። ወይም በሚመጣው ላይ ነው፤ «እኔ ስሞት ማን ይይዘዋል» ትላለች። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነውና በቀላል ቃል አንመልሰውም። ነገር ግን ሌሊት በሰባት ሰዓት፣ ልጁ እንቅልፍ አልወስድ ብሎት ግድግዳውን ሲደበድብ፣ ያ ጥያቄ አይመለስም። በዚያ ሰዓት የሚመለሰው ጥያቄ ሌላ ነው፤ አሁን ይህ ልጅ ምን ሆነ? ርቦታል፣ በርዶታል፣ የልብሱ ስፌት ኮስኩሶታል? ፍርሃታችንን ስናይ ልጁን አናየውም። «ሆን ብሎ ያሰቃየኛል» ማለትና «ጆሮውን ደፍኗል፤ ድምፁ በዝቶበታል» ማለት የተለያዩ ናቸው። የፊተኛው ፍርድ ነው፤ የኋለኛው ማየት ነው።

ይህም በጸጥታ ክፍል ለብቻ ተቀምጦ የሚፈጸም አይደለም። ከእነዚህ ወላጆች ስንቶቹ የራሳቸው ክፍል አላቸው? በሥራ መካከል ይማሩታል። እ.ኤ.አ. በ1691 በፓሪስ ያረፈው ቀርሜሎሳዊው ወንድም ሎሬንስ በገዳሙ ወጥ ቤት እያገለገለ የእግዚአብሔርን አብሮነት ማሰብን በድስትና በሳህን መካከል ተለማምዷል። እንጀራ የምትጋግር እናት ሊጡን አፍስሳ አክምባሎውን እስክትከድን ድረስ ያለችውን አጭር ጊዜ ትውሰድ፤ ዓይኑ ሲወጣ ትመልከት፤ የምጣዱ ሙቀት ፊቷን ሲነካው ይሰማት፤ በትንፋሿም ስሙን ትጥራ። ሐሳቧ ሲሸሽ አትቆጣ፤ ትመልሰው። መቶ ጊዜ ቢሸሽ መቶ ጊዜ ትመልሰው፤ መመለሱ ራሱ ልምምዱ ነው። አውቶቡስ የሚጠብቅ አባትም መቁጠሪያውን በኪሱ ይዞ፣ አንዷን ፍሬ በጣቱ እየዳሰሰ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ አንድ ጊዜ ይበል። ማታም ሕሊናችንን ስንመረምር በደላችንን ብቻ አንቍጠር፤ በዚያ ቀን በልጁ ላይ ያየነውን አንዲት ነገር እናስታውስ። ያች እናት አንድ ምሽት ለልጇ ያስታወሰችለት፣ የዝናብ ጠብታ በቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ አንገቱን ዘንበል አድርጎ መስማቱን ነበር።

አባቶችን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጎበኘናቸው ቤቶች ብዙ ጊዜ የምናገኘው እናትን ብቻ ነው። አባትየው ሥራ ላይ ነው ይባላል፤ አንዳንዱ በእርግጥ ሥራ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ግን ሸሽቷል። የማርቆስ ወንጌል ልጁን ይዞ የመጣው አባት መሆኑን ይነግረናል።

አሁን ስለ ልኩ እንናገር፤ መድኃኒትን ከልኩ በላይ ማመስገን ሐሰት ነውና። ልብን መሰብሰብ ኦቲዝምን አይፈውስም፤ ልጁ ዝም እንዲል የሚደረግ ዘዴም አይደለም። የንግግርና የትምህርት ድጋፍን፣ ሐኪምንም አይተካም። ጸበልና ጸሎት የሚሹትን አንከለክልም፤ ልጅን የሚያስሩበትና የሚደበድቡበት ቦታ ግን የእግዚአብሔር ቤት ሊሆን አይችልም። ዝም ብሎ መቀመጥ ኀዘናቸውን የሚያብስባቸውም አሉ፤ እነዚህ ዐይናቸውን ከፍተው፣ እየተራመዱ ይጸልዩ፤ ካልሆነላቸውም ይተዉት፤ ኃጢአት የለበትም። ሕይወቱን ለማጥፋት ወይም ልጁን ለመጉዳት ሐሳብ የመጣበት ወላጅ ደግሞ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገር፤ ወደ ጤና ተቋምም ይሂድ። እንዲህ ያለ ሰው ወደ እኛ ከመጣ «ጸልይ» ብለን ብቻ አንስደደው፤ አብረነው እንሂድ።

ነቢዩ ኤልያስን እናስታውስ። በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር ስብከት አልላከለትም። አስቀድሞ ተኛ። መልአኩ ዳሰሰውና እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። ደግሞ ተኛ፤ ደግሞ በላ። ቀጭኑ ድምፅ የተሰማው ከዚያ በኋላ፣ ከአርባ ቀን መንገድ በኋላ ነው። እኛ ግን እንቅልፍ ላጣች እናት አስቀድመን የምንሰጣት ምክር ነው።

መልአኩ የሠራውን ሥራ ማን ይሥራ? እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ኦቲዝምና ሌላ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ልጆች ያሏቸውን 243 እናቶች ያሳተፈ ነበር። ለስድስት ሳምንት ተሰብስበው፣ ከፊሎቹ ትንፋሽንና ልብን መሰብሰብን፣ ከፊሎቹም ሐሳብንና ስሜትን በበጎ መምራትን ተማሩ። በሁለቱም ወገን ጭንቀታቸውና ኀዘናቸው ቀነሰ። ለእኛ ከሁሉ የሚጠቅመን ግን ያስተማሯቸው ሰዎች ማንነት ነው፤ ሥልጠና የወሰዱ፣ እንዲሁ ያሉ ልጆች እናቶች ነበሩ። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ የከፈቱት ከራሳቸው ልጅ ጋር በተጓዙት መንገድ ተነሥተው ነው። ቁምስናዎቻችን ገንዘብና ባለሙያ ባይኖራቸው እንኳ እናቶች አሏቸው፤ አዳራሽም አላቸው።

በእኛ ቁምስና የተጀመረው ትንሽ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ቤተሰቦች በአዳራሹ ይገናኛሉ። ሁለቱ እናቶች ከአንዲት መምህርት ጋር ልጆቹን ሲይዙ ሌሎቹ ሁለቱ ይተኛሉ፤ አዎን፣ ምንጣፍ ተነጥፎላቸው ይተኛሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ይለዋወጣሉ። ከዚያ በፊት ለዐሥር ደቂቃ በአንድነት ተቀምጠው ያንን ትንፋሽና ያንን ስም ይለማመዳሉ፤ የምትመራቸውም ከበሩ ያስወጣናት እናት ናት። ይቅርታ ጠይቀናታል፤ በቤቷም በምእመናን ፊትም።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆችና ቤተሰቦቻቸውን በቫቲካን ተቀብለው ባነጋገሩ ጊዜ፣ በላያቸው የተጫነውን ብቸኝነትና የነቀፋ ምልክት መስበር እንደሚገባ ተናግረዋል። ይህን መስበር በእኛ ዘንድ በድምፅ ማጉያው ጀመረ። ለሁለት መቶ ሰው ቤተ ክርስቲያን የሁለት ሺህ ሰው ድምፅ ማጉያ ለምን እንደ ገዛን እስከ ዛሬ የሚያስረዳን አላገኘንም። ድምፁን ዝቅ አደረግነው። በስተግራ ካለው በር አጠገብ አንድ አግዳሚ ወንበር ለእነዚህ ቤተሰቦች ተለይቷል፤ ልጁ መውጣት ቢያሻው ይወጣል፤ ሲረጋጋም ይመለሳል፤ ማንም አይዞርም። ወይም እንዳይዞር ለምነናል፤ አንዳንዶች አሁንም ይዞራሉ።

ልጁ አሁን ዐሥር ዓመት ሞልቶታል። መምህርቱ የቅዳሴውን ክፍሎች በሥዕል ሠርታለት በየተራው በጣቱ ያመለክታል። ለቅዱስ ቁርባን መቼ እንደሚደርስ ከእናቱ ጋር እየተነጋገርን ነው፤ ቀን አልቆረጥንም። የከበሮው ድምፅ ገና ይከብደዋልና ከመዝሙሩ በፊት እናቱ እጁን ይዛ ወደ ግቢው ትወስደዋለች፤ ዲያቆኑ «ንነጽር» ከማለቱ በፊት ብዙ ጊዜ ተመልሰው ይገባሉ።